የበለዙ ባቡር ወዳጆች

የእንግሊዝ ሰው ለባቡር ቀለም ያለው ፍቅር፣ በቁሙ ዞር ብሎ ያላየው ዘመድ ሲሞትበት ፊቱን እንደሚነጭ ሰው ፍቅር ነው። በእንፋሎቱ ዘመን ፈጣኖቹ ባቡሮች አረንጓዴና ደብዘዝ ያለ ቀይ ነበሩ። መንግሥት ሁሉንም ሰማያዊና ግራጫ ሲቀባቸው «አገር ጠፋ!» ተባለ። ሰማያዊው ሲቀር ደግሞ ያው «አገር ጠፋ» ባዩ «ሰማያዊዬን!» እያለ አነባ። የሐዲድ ሠራተኛ ከሩቅ አይቶ እንዲሸሽ ተብሎ ግንባራቸው ቢጫ ሲቀባ «ወፍ አስመሰሉት» ያሉ ሽማግሌዎች፣ ቢጫው ሲነሳ «ባቡሩ ፊት አልባ ሆነብን» ብለው አቤት አሉ። በኋላ መስመሩ ለግል ድርጅቶች በየተራ ይሰጥ ጀመር። የተረከበ ሁሉ መጀመሪያ የሚያደርገው መቀባት ነው። ባቡሩ ይዘገያል፣ መጸዳጃ ቤቱ ይዘጋል፣ ማሞቂያው በሙቀት ወራት ነዶ በብርድ ወራት ይጠፋል፤ ቀለሙ ግን ምን ጊዜም አዲስ ነው።

ሎሬን ትሮሰልን የበላት ይኸው ነገር ነው።

ጎልማሳ ሳለች ሜሪዲያን የሚባል ድርጅት ከለንደን ወደ ሰሜን የሚሄደውን መስመር ተረከበና የቀለም ንድፉን ለእሷ ሰጣት። የታዘዘችው «አገር የሚያስደነግጥ» እንድትሠራ ነበር። እሷም የደበርጃን ሐምራዊ ባቡር ላይ ከአፍንጫው እስከ ጭራው የሚንከባለል የሰናፍጭ ቢጫ ማዕበል ሣለች። ማዕበሉ የእሷ ነው። ሐምራዊው ግን የእሷ አልነበረም፤ ሥራ አስኪያጁ ሚስቱ ለሠርግ ያደረገችውን ባርኔጣ ጠረጴዛ ላይ ወርውሮ «ይኼን!» ስላለ የመጣ ነው። ይህን ለማን ትናገራለች? ባርኔጣ መሰደብ አይችልም፤ ሰው ግን ይችላል።

በምርቃቱ ዕለት ዶንካስተር ጣቢያ ላይ፣ ኔቪል ኦርመሮድ የሚባል የመስመሩ ወዳጆች ማኅበር ሊቀ መንበር ቴሌቪዥን ፊት ቀረበ። የማኅበሩ ሰዎች በዝናብ ካፖርትና በሻይ ፔርሙስ ታጥቀው ከመሳፈሪያው ጫፍ ቆመው የሚውሉ፣ ባቡር ሲያልፍ ካሜራ የሚያነሱ፣ ሳይሳፈሩ የሚመለሱ ናቸው። ኔቪል ባቡሩን ከላይ እስከ ታች አየውና «ማነው የደበደበው?» አለ። «ይኼ እኮ ቅዳሜ ማታ መጠጥ ቤት ቡጢ የቀመሰ ዓይን ነው። በለዝ! የሠራው ሰው እንኳን ጥበብ፣ ዓይንም የለው።»

ሰኞ ጠዋት ጋዜጣው ሁሉ «በለዝ» ብሎ ወጣ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ ስሙን ማንም መመለስ አልቻለም። የሎሬን እናት ፀጉር ቤት ገብታ ስትቀመጥ «የበለዟ እናት መጡ» ብለው ተሳሳቁባት። ሴትዮዋ ከዚያ በኋላ እስክትሞት ድረስ የትም ስትሄድ በአውቶቡስ ነበር። ሎሬን ደግሞ ከባቡር ሥራ ወጥታ ጡረታዋ እስኪደርስ የድመት ምግብ ቆርቆሮ ላይ ሥዕል ስትሠራ ኖረች። ድመት ቢያንስ ቴሌቪዥን ላይ ወጥቶ አይናገርም።

ታዲያ ከሃያ ምናምን ዓመት በኋላ፣ አንድ እሑድ ከሰዓት ዝናቡ ሲወርድ በሯ ተንኳኳ።

«ማን ልበል?» አለች ገርበብ አድርጋ።

«ኔቪል ኦርመሮድ እባላለሁ። ከመስመሩ ወዳጆች…»

ከኮፍያው ሥር ፀጉሩ አልቋል። ካፖርቱ ያው ነው።

«አውቅሃለሁ» አለችው። እሱ «እርስዎ» ሊላት እየተዘጋጀ እሷ አንተ አለችው፤ ደስ አላት።

«ወይዘሮ ትሮሰል፣ የመጣሁት ስለ በለ… ማለቴ ስለ ሐምራዊው ባቡር ነበር።»

«በለዝ በለው እንጂ። ክርስትና አባቱን ማን ይከለክለዋል?»

ኔቪል ከካፖርቱ ጫፍ ውሃ እየተንጠባጠበ ቆመ። ዝናብ ላይ የቆመን ሽማግሌ «ግባና ሻይ ጠጣ» አለማለት በዚያ አገር ጦር ከማወጅ አይተናነስም። ሎሬን አላለችም። እሱም የሚገባው ቅጣት መሆኑን አውቆ፣ እዚያው ቆሞ የመጣበትን ነገር ዘረዘረ። መስመሩን አዲስ ድርጅት ተረክቧል። እንደ ወጉ ባቡሮቹን ሁሉ በራሱ ቀለም ሲቀባ፣ ጡረተኞቹን ለማስደሰት አንዱን ብቻ በድሮ ቀለም ይቀባል። የትኛው የድሮ ቀለም ይሁን ተብሎ የማኅበሩ አባላት ድምፅ ሰጡ።

«የትኛው ያሸነፈ ይመስልዎታል?»

«አረንጓዴው። እናንተ አረንጓዴ ካያችሁ ትሞታላችሁ።»

«በለዙ» አለ ኔቪል። «ያውም የሚቀናቀነው ሳይኖር።»

ሎሬን ሳቋ መጣ፤ ሳቁ ግን መሐል ላይ ወደ ሌላ ነገር ሊለወጥባት ሲል ዋጠችው። «እናንተ ሰዎች ታማችኋል?»

«ከዛሬ አባላት ብዙዎቹ እኮ ያኔ ልጆች ነበሩ። ባሕር ያዩት በእሱ ተሳፍረው ነው። እኔም…» ጉሮሮውን ጠረገ። «ከባለቤቴ ጋር የመጨረሻ ጉዟችን በእሱ ነበር። መስኮቱ ጋ ተቀምጣ ቢጫው ማዕበል ፀሐይ ይመስላል ትለኝ ነበር። እኔ ተከራከርኳት።»



«ችግሩ ቀለሙ ነው» ቀጠለ ኔቪል። «ማኅበሩ ለሁለት ተከፍሏል። ግማሹ ሐምራዊው ወደ ቀይ ያደላ ነበር ይላል፣ ግማሹ ወደ ሰማያዊ። በገና እራት ላይ ተቀቅሎ የላመ አተር ተወራውረናል። ወንድማማቾች ተኮራርፈዋል። ፎቶግራፎቹ ሁሉ እየቅል ናቸው።»

«ሁለታችሁም ልክ ናችሁ። አዲስ ሳለ ቀይ ይበዛበት ነበር፤ ፀሐይ ቀዩን በላው። ቀድሞ ያየ ቀይ ይላል፣ ዘግይቶ ያየ ሰማያዊ ይላል። ይኼ ነው አተር ያወራወራችሁ?»

የጓሮውን በር ከፈተችለት፤ በቤት ውስጥ ግን አላሳለፈችውም። ከአጥሩ ሥር የድንች ልጣጭና የሻይ ቅጠል የምታበሰብስበት የእንጨት ሣጥን ነበር። ክዳኑ የባቡር በር ነው። ለሙከራ መጀመሪያ የተቀባው፣ ሥራዋን ስትለቅ ማንም ሳያያት በመኪና ጭና የወሰደችው። ከላይ ዝናብና ወፍ ተጫውተውበታል። ኔቪል ጭቃው ላይ ተንበርክኮ ገለበጠው። ብርሃን ያላገኘው የውስጥ ፊቱ፣ ብስባሹ ከላዩ ሲጠረግ፣ እንደ ትናንት ሐምራዊ ነበር።

«አምላኬ» አለ ኔቪል፤ ኮፍያውን አወለቀ። የማኅበሩ ሊቀ መንበር ለድንች ልጣጭ ክዳን ኮፍያ ሲያወልቅ ያየች ብቸኛ ሰው ሎሬን ናት።

እግሯን ክዳኑ ላይ አሳረፈች። «ዋጋ አለው።»

«የክብር አባል እናደርግዎታለን። የዕድሜ ልክ። ደረት ላይ የሚለጠፍ…»

«በምርቃቱ ቀን፣ በማይክ፣ ሰው ሁሉ ባለበት ‹ተሳስቼ ነበር› ትላለህ። ‹ተሳስተን ነበር› አይደለም። ‹ጊዜው ነበር› አይደለም። ተሳስቼ።»

ኔቪል ዝናቡን አየ፣ ክዳኑን አየ፣ እግሯን አየ። የሱን ዓይነት ሰው ሐዲድ ላይ ተኛ ብትለው ይሻለው ነበር። «እሺ» አለ በመጨረሻ፣ ጥርሱ እየተነቀለ እንዳለ ሰው። ያን ዕለት ሎሬን ለብቻዋ ሻይ አፍልታ የእናቷን ፎቶግራፍ ፊት ለፊቷ አቁማ ጠጣች።

በሳምንቱ ክዳኑን ልትወስድ የመጣችው የአዲሱ ድርጅት ንድፍ ሠሪ ነበረች። ኒሻ ሶላንኪ ትባላለች፤ የሌስተር ከተማ ልጅ ናት፣ ቀጭን፣ ስትናገር እጇን የምታፍተለትል። ኒሻን ግን ሎሬን ገና ስታያት ወደ ቤት አስገባቻት፤ ሻዩም ብስኩቱም ቀረበ።

«ልነግርዎት የምፈልገው ነገር አለ» አለች ኒሻ። «ልጅ ሆኜ አክስቴ ጋ የምንሄደው በእርስዎ ባቡር ነበር። የቀሩት ባቡሮች ሁሉ ባቡር ናቸው፤ የእርስዎ ግን የሆነ እንስሳ ይመስለኝ ነበር። ቤት ስገባ እሱን እሥላለሁ። እናቴ ሐምራዊ እርሳስ መግዛት ሰለቻት። ይህን ሥራ የያዝኩት በእርስዎ ምክንያት ነው።»

ሎሬን እነዚያን ዓመታት ሁሉ ስትጠብቅ የኖረችው ኔቪልን ነበር፤ ይህች ልጅ ግን ሳትጠበቅ መጣች። «ብስኩት ጨምሪ፣ ልጄ» አለቻት፤ ሳህኑንም ገፋ አደረገችላት።

ኒሻ ስልኳን አውጥታ አዲሱን ባቡሯን አሳየቻት። ነጣ ያለ፣ ወደ አመድ የሚሄድ፣ ከሥሩ እንደ ክር የቀጠነ አረንጓዴ መስመር ያለው ነው።

ሎሬን መነጽሯን አስተካከለች። የሆስፒታል ኮሪደር መሰላት። «ረጋ ያለ ነው» አለች።

«ረጋ ያለ ማለት አልወደዱትም ማለት ነው?»

«ረጋ ያለ ማለት ረጋ ያለ ነው።»

ኒሻ ፈገግ አለች፤ ዓይኗ ግን አልሳቀም። «እኔ መጀመሪያ የሠራሁት ብርቱካናማ ፀሐይ ነበረው። ‹ማንንም የማያስቀይም ይሁን› አሉኝ። አንዱ ስብሰባ ፀሐዩን አሳነሰው፣ ሌላው አደበዘዘው፣ ሌላው አጠፋው። ስሜ ግን አለበት። ይሰድቡኛል አይደል?»

«ይሰድቡሻል።»

«እርስዎ እንዴት ቻሉት?»

«አልቻልኩትም» አለች ሎሬን። እውነቱን ነው። «ስሚ፣ የዚያን ቀን አጠገብሽ እቆማለሁ። ከእነዚያ ፔርሙስ ተሸካሚዎች አንዱ ትንፍሽ ቢል፣ በዚህ ዕድሜዬ ጥርሱን አራግፍለታለሁ።»

ልጅቷ ተነሥታ አቀፈቻት። እንግሊዝ አገር ለመጀመሪያ ጊዜ የተገናኙ ሰዎች አይተቃቀፉም፤ ሎሬንም እጇን የት እንደምታደርግ ትንሽ ግራ ገባትና ጀርባዋን መታ መታ አደረገችላት።

የምርቃቱ ቅዳሜ ደረሰ። ዶንካስተር ጣቢያ ሰው ላይ ሰው ሆነ። ፕሮግራሙ ቀላል ነው፤ በዚህኛው መሳፈሪያ በለዙ ይገባል፣ ንግግር ይደረጋል፣ ቀጥሎ በወዲያኛው በኩል የኒሻ አዲሱ ባቡር ይገባል፣ ከዚያ ሁሉም ኬኩን በልቶ ወደ ቤቱ። ኒሻ እናቷን ይዛ መጥታለች። እናቲቱ ለሠርግ የምትለብሰውን ሳሪ ለብሳ፣ ከላይ ወፍራም ካፖርት ደርባ፣ ስልኳን ለቀረጻ አዘጋጅታ ቆማለች። ሎሬን ከሁለቱ አጠገብ፣ በገባችው ቃል መሠረት።

በለዙ ከኩርባው ብቅ አለ። ሐምራዊው ያበራል፣ ቢጫው ማዕበል ይንከባለላል። ጢማቸው የሸበተ ወንዶች አፋቸውን በእጃቸው ያዙ። አንዱ ካሜራውን ረስቶ በባዶ እጁ አጨበጨበ። በቀይና በሰማያዊ የተኮራረፉት ወንድማማቾች ተቃቅፈው ያለቅሳሉ። «እንዲህ ነበር የሚሠሩት!» ይላል አንዱ። «የዛሬዎቹማ!» ይላል ሌላው። ያኔ እዚሁ ቦታ ላይ ሲያፏጩ ከነበሩት ግማሾቹ ዛሬም አሉ። ሎሬን ሁለቱን በመልካቸው ለየቻቸው።

ኔቪል ማይኩን ያዘ። ፊቱ ወረቀት መስሏል። «ከዓመታት በፊት እዚህ ቆሜ ይህን ባቡር ሰድቤዋለሁ» አለ። «የሠራችውንም ሰው ሰድቤያታለሁ። ዓይን የላትም ብያለሁ። ተሳስቼ ነበር። ዓይን ያልነበረኝ እኔ ነኝ።»

አላጎደለም። ያለችውን ቃል በቃል ፈጸመላት።

ጭብጨባው ፈነዳ። ግን ለኔቪል ነበር። «ጀግና!» «እንዲህ ነው ወንድ!» «እንዲህ በአደባባይ ማመን ልብ ይጠይቃል!» እያሉ ከበቡት፤ እጁን ለመጨበጥ ሰልፍ ያዙ። አንዲት ሴትዮ ጉንጩን ሳመችው። የቴሌቪዥኑ ሰውም ወደ እሱ ሮጠ። ሎሬንን የጨበጣት የለም። ሰዳቢው በመሳደቡም ታዋቂ ሆነ፣ ይቅርታ በመጠየቁም ታዋቂ ሆነ፤ ተሰዳቢዋ ሁለቱንም ጊዜ ዳር ቆማ አየች። ያን ሁሉ ዘመን የተመኘችው ነገር እጇ ላይ ገብቶ ሲቀዘቅዝ ተሰማት።

ያኔ ኔቪል አስታወሳት። «ራሷ ትናገር እንጂ!» ብሎ በሰው መሐል ማይኩን አሳለፈላት። ጥቂት ሰዎች ለወጉ ያህል አጨበጨቡ፤ ዓይናቸው ግን በለዙ ላይ ነበር። ሎሬን ማይኩን ይዛ፣ ምን ብላ እንደምትጀምር ስታስብ፣ በወዲያኛው በኩል አዲሱ ባቡር ድምፁን አጥፍቶ ገባ።

ነጭም አይደለም ግራጫም አይደለም። በሥዕል ረጋ ያለው ነገር በአካል ሲመጣ ጭራሽ የሌለ መሰለ። ሕዝቡ ዞር አለ፤ ማጉረምረም ተሰማ። ሁሉም የሚለውን ስድብ ያውቃል፣ ቃሉን ግን ገና ማንም አላገኘውም። ሎሬን አገኘችው። ምላሷ ላይ ጣፈጣት። ከማሰቧ በፊት ማይኩ ከንፈሯ ጋ ደርሶ ነበር።

«ይኼ ደግሞ ማን በልቶ የተረፈው የአጃ ገንፎ ነው?»

ጣቢያው በሳቅ ተናጋ። «ገንፎ!» አለ አንዱ። «ገንፎው መጣ!» አለ ሌላው። ፔርሙሶች ወደ ላይ ተነሡ። ሽማግሌዎቹ ትከሻዋን መቱላት፣ እጇን ጨበጧት፣ ያቺ ሳሚ ሴትዮ እሷንም ሳመቻት። የቴሌቪዥኑ ሰው «እባክዎ አንዴ ይድገሙልን» እያለ ሮጦ መጣ። ኔቪል ጆሮዋ ድረስ ጎንበስ ብሎ «ገንፎ! እኔ እንዴት አልመጣልኝም?» አላት፤ ቅናቱ ከልቡ ነበር።

ሎሬን ሳቀች። እግዜር ያያል፣ ከልቧ ሳቀች። እዚህ ጣቢያ ላይ ሰው ወዷት አያውቅም ነበርና ፍቅሩ ሞቃት።

ሳቋ ሳያልቅ፣ አዲሱን ባቡር ለመቀበል ከልጇ ጋር ወደ ወዲያኛው በኩል የተሻገረችውን የኒሻን እናት አየች። ሴትየዋ ስልኳን አላወረደችም፤ ቀረጻው አሁንም እየሄደ ነው። ልጇን በክርኗ ነካ አድርጋ «ምን አሉ? ምንድን ነው ያሉት?» ትላለች። ኒሻ የምታየው ሎሬንን ነበር።

የሎሬን እጅ ላይ ማይኩ ከበደ። ለኔቪል መልሳ ሰጠችውና ሰዉን በክርኗ እየገፋች ወደ ወዲያኛው መሳፈሪያ ተሻገረች። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚባለው ለእሷ ነው።

«ኒሻ» አለች። «ልጄ። አፌ ነው። ሳላስበው… ይቅር በይኝ። ተሳስቻለሁ።»

ምን ያህል ቀላል ሆነ! ኔቪል ያን ሁሉ ዓመት ያላወጣው ቃል ከእሷ እንደ ትንፋሽ ወጣ፤ በዚያው ልክ ደግሞ ቃሉ ክብደት እንዳልነበረው ታወቃት።

«ምንም አይደለም» አለች ኒሻ። የዚያ አገር ሰው እግሩን በጋሪ ብትሄድበትም «ምንም አይደለም» ይላል። እናቷን ወደ በሩ አስቀደመች። ወደ ሌስተር መመለሻቸው ይኸው ገንፎው ራሱ ነው፤ ሌላ ባቡር የለም።

«ባቡርሽ ያምራል» አለች ሎሬን ከኋላዋ። «ሰዎቹ ይወዱታል፣ አታስቢ። ዘግይተውም ቢሆን ሁልጊዜ ይወዳሉ። አንድ ቀን እንደ በለዙ ያለቅሱለታል።»

ኒሻ በሩ ላይ አንድ እግሯን አሳርፋ ዞረች። «እንግዲያው ያን ቀን ይምጡና ይህን ይቅርታ ይንገሩኝ» አለች። «አሁን ግን አይበሉኝ።»

«እስከዚያ እኔ የት እገኛለሁ፣ ልጄ? ያኔ እኮ ሞቻለሁ።»

«አውቃለሁ» አለች ኒሻ። በሩ ተዘጋ።